ፖሊሱ እጁን ሲዘረጋ

ልጄ የጠየቀችኝ ጥያቄ አጭር ነበር። «አባዬ፣ ለምን ሰጠኸው?» ነው ያለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ይኸው ወራት አለፉ። ጥያቄው ግን ዛሬም መሪ በጨበጥኩ ቁጥር ይመጣብኛል።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ሰመር ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አምሽቼ ከሥራ ወደ ቤት ስመለስ፣ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ያህል ሲቀረኝ ከኋላዬ ቀይና ሰማያዊ መብራት በራ። ዳር ያዝኩ። ሞተር አጠፋሁ። የውስጡን መብራት አበራሁ፣ መስኮቱን ዝቅ አደረግኩ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አስቀመጥኩ። እዚህ አገር የሚነዳ ሐበሻ ይህን ቅደም ተከተል በቃሉ ያውቀዋል።

ፖሊሱ ወጣት ነው። በትሕትና ሰላም አለኝ። ከኋላ መብራቶችህ አንዱ አይሠራም አለኝና መንጃ ፈቃድና ሬጅስትሬሽን ጠየቀኝ። እጄን ወደ ኋላ ኪሴ ልሰድ ስል ቦርሳዬ ትዝ አለኝ። ጠዋት ሱሪ ስቀይር እዚያው ኪስ ውስጥ ትቼዋለሁ።

ደነገጥኩ። ግን ወዲያው ተረጋጋሁ፤ መንጃ ፈቃዴ ስልኬ ውስጥ አለ። ሜሪላንድ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከአሪዞና ቀጥላ መንጃ ፈቃድን አፕል ዋሌት (የአይፎን የካርድ መያዣ አፕ) ውስጥ ያስገባች ሁለተኛዋ ስቴት እሷ ናት። እኔም ካርዴን ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አንስቼ፣ ፊቴን ካሜራው ፊት ወዲያና ወዲህ አዙሬ አስገብቼው ነበር። ስልኩ ደግሞ ካርታ እያሳየኝ ፊት ለፊቴ መያዣው ላይ ተሰክቷል። «ስልኬ ላይ አለ፣ ላሳይህ?» አልኩት። «እሺ» አለኝ። ነቀልኩት። ፊቴን አይቶ ተከፈተ። ስሜና ቁጥሬ ያለበትን ገጽ አውጥቼ፣ እንዲያነበው ወደ መስኮቱ አዙሬ ያዝኩለት።

እሱ ጎንበስ ብሎ አላነበበም። እጁን ዘረጋ።

ሰጠሁት። ቀኝ እጄን በግራዬ ደግፌ፣ ለትልቅ ሰው ስኒ እንደሚያቀርብ ልጅ።

ስልኬን ይዞ ወደ መኪናው ሄደ። በጎን መስታወቱ አየዋለሁ። በሩን ከፍቶ ተቀመጠ። የስልኬ ብርሃን ከሥር ፊቱ ላይ በርቷል። አውራ ጣቱ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ወይም ያየሁ መሰለኝ። እንዳይጠፋበት ነካ አድርጎት ይሆናል። ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፈ ይሆናል። በመካከላችን ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም። እኔ ግን ልብሴን አውልቄ መንገድ ዳር የቆምኩ ያህል ተሰማኝ።

ሲመለስ ስልኩንና መብራቱን አስጠግን የሚል ወረቀት ሰጠኝ። «እየተደወለልህ ነበር» አለኝ። አየሁት። «እማዬ» ይላል፤ ሁለት ጊዜ። እዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ንጋት 12 ሰዓት ነው። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት የምትደውልበት ሰዓት። ስሟ እዚያ የፖሊስ መኪና ውስጥ፣ በማላውቀው ሰው እጅ ላይ ሲበራና ሲጠፋ ነበር።

ፖሊሱ ክፉ ሰው አልነበረም። አልጮኸብኝም፣ አላዋረደኝም፣ ቅጣትም አልጻፈብኝም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እሱን ረግሜ እተኛ ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ የራሴ እጅ ነው። ምንም ሳልጠይቅ፣ ምንም ሳላስብ የሄደው እጄ።

ሦስተኛ መንጃ ፈቃድ

መንጃ ፈቃድ ለእኔ ድሮም ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ነው። አዲስ አበባ ሚኒባስ ስነዳ ሦስተኛ መንጃ ፈቃዴ ውሎዋ የሸሚዜ የደረት ኪስ ውስጥ ነበር። ትራፊክ ሲያስቆም መጀመሪያ የሚቀበለው እሷን ነው። አጥፍተሃል ካለ ክሱን ይጽፍና ይዟት ይሄዳል። ቅጣቱን ከፍለህ፣ ደረሰኝህን ይዘህ ሄደህ ታስመልሳለህ። «መንጃ ፈቃዴን ተቀማሁ» ማለት በሹፌሮች መካከል የዕለት ወሬ ነበር። ረዳቴ ወርዶ «ወንድሜ፣ ዛሬን ብቻ» እያለ ሲለምን፣ እኔ መሪው ላይ ሆኜ የትራፊኩን እስክሪብቶ አያለሁ። ወረቀቱን ከነካ አለቀ።

ያም ሆኖ የሚወሰደው ካርድ ነው። ላዩ ላይ ያለው ፎቶዬ፣ ስሜና ደረጃዬ ነው። ትራፊኩ ሳምንት ቢያስቀምጠው፣ ገልብጦ ቢያየው፣ ስለ እኔ ከዚያ በላይ የሚያውቀው የለም። የምንፈራው ለእንጀራችን ነበር። ያለ መንጃ ፈቃድ ሥራ የለማ።

ስልኬ ውስጥስ ምን አለ? ያን ማታ ቤቴ ገብቼ፣ መኪናዬን አቁሜ፣ ሳልወርድ ይህን ነው የቆጠርኩት። አባቴ ከማረፉ በፊት የላከልኝ የድምፅ መልእክት አለ። «ልጄ፣ ደህና ነኝ፣ አታስብ» ይላል፤ ደህና አልነበረም። የባንኬ አፕ አለ። የዕቁባችን የቴሌግራም ግሩፕ አለ፤ ማን ስንት እንደጣለ፣ ማን ችግር ገጥሞት ዕጣ እንዲለቀቅለት እንደጠየቀ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ግን አንድ ፎቶ ነው። አንድ ወዳጄ የኢሚግሬሽን ወረቀቱን እንዳነብለት ልኮልኝ ነበር። ያ የእኔ ምስጢር እንኳ አይደለም፤ የሰው አደራ ነው።

ፖሊሱ ከዚህ አንዱንም አይቷል ብዬ አላምንም። የቆየው አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? የተከፈተ ስልክም ከእጅ ከወጣ እንደዚያው ነው። አይቶ ቢሆን ኖሮ የማውቅበት መንገድ የለኝም።

ስልኬን ያልነካችው ሴትዮ

ይህ በሆነ በሁለት ወሩ ገደማ ወደ ሲያትል ለመብረር ባልቲሞር አየር ማረፊያ ሄድኩ። ለአገር ውስጥ በረራ የሚታየውን መታወቂያ የሚመለከተው የሪል አይዲ ሕግ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 7 ቀን 2025 ጀምሮ መተግበር ስለጀመረ መታወቂያ ላይ ጠበቅ ተደርጓል። ቦርሳዬ በዚህ ቀን ኪሴ ውስጥ ነበር። ግን ተራዬ ሲደርስ የፍተሻ ሠራተኛዋ ፊት ያለው ማሽን ስልክ እንደሚቀበል አየሁና ልሞክረው አልኩ።

ስልኬን ወደ ማሽኑ ጠጋ አደረግኩ። ስልኬ ራሱ ጠየቀኝ። ስምህን፣ የልደት ቀንህን፣ ፎቶህን እያለ ሊያዩ የሚፈልጉትን አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ትፈቅዳለህ ወይ አለኝ። ፈቀድኩ። ሠራተኛዋ ስልኬን አልነካችም። ልትነካውም አልፈለገችም። ዓይኗ የራሷ እስክሪን ላይ ነው፤ መረጃው እዚያ ደርሷታል። ቀና ብላ ፊቴን አየችና «ቀጥል» አለችኝ።

ሻንጣዬን ከመፈተሻው ማሽን ማዶ እየጠበቅኩ ስልኬን አየሁት። ከእጄ አልወጣም። በዚያች ቅጽበት ነው ነገሩ የገባኝ። ይሄ ነገር ሲሠራ ጀምሮ ስልክህን ለማንም አትስጥ ተብሎ ነው የተሠራው።

ከዚያ ወዲህ አንብቤበታለሁ። ዲጂታል መንጃ ፈቃድ የሚመራበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፤ በ2021 የወጣው አይ ኤስ ኦ 18013-5 ነው። አሠራሩን ሳየው ደስ አለኝ። ስልክህና ማንበቢያው በኪው አር ኮድ ወይም ጠጋ በማድረግ ይተዋወቃሉ። መረጃው በብሉቱዝ ይሻገራል፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሆናል። መረጃው ላይ የስቴቱ ዲጂታል ፊርማ አለበት። ማሽኑ የሚመረምረው ያንን ፊርማ ነው። አንድ ፊደል ብትነካካ ፊርማው አልገጥም ይላል።

ደግሞ የሚሄደው የተጠየቀው ብቻ ነው። ይህቺን ነገር ሳስብ ልጄ ናት የምትታየኝ። አድጋ 21 ዓመት ሲሞላት ከጓደኞቿ ጋር የሆነ ቦታ ትሄዳለች። በሩ ላይ የቆመው ሰው መታወቂያ ይጠይቃታል። ዛሬ ባለው ካርድ ከሆነ ዕድሜዋን ብቻ አይደለም የሚያየው። ስሟን ከነአባቷ፣ ቁመቷን፣ የምንኖርበትን ቤት ቁጥር ሳይቀር ያነባል። ማንነቱን የማናውቀው ሰው፣ በሌሊት። በዲጂታሉ ግን «ከ21 በላይ ናት» የሚል መልስና ፎቶዋ ብቻ ሊሄድ ይችላል። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ። የሴት ልጅ አባት የሆነ ሁሉ ይረዳኛል።

ታዲያ ያን ማታ እኔና ፖሊሱ ምን እያደረግን ነበር? እሱ ማንበቢያ አልነበረውም። በዓይን ማየት ደግሞ ምንም አያረጋግጥም፤ እንደዚያ የሚመስል ገጽ ሠርቶ ስልኩ ላይ ማስቀመጥ የሚችል ሞልቷል። ማኅተሙ፣ ያ ዲጂታል ፊርማ፣ እስክሪኑ ላይ አይታይም። የወሰደው ነገር ቢኖር ቁጥሬን ነው፤ ያንን ቆሜ ላነብለት እችል ነበር። ሜሪላንድም ብትሆን ካርዱን ይዛችሁ ተንቀሳቀሱ እንጂ በስልኩ ተኩት አላለችም። ቦርሳዬን መርሳቴ ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አዲሱን ነገር በአሮጌው ልማድ ተቀባበልነው። ካርድ እንደሚሰጥ ሰጠሁ፤ ካርድ እንደሚወሰድ ወሰደ።

«ማዘዣ አምጡ»

ልጄ 16 ዓመቷ ነው። የለማጅ ፈቃድ አውጥታለች። ሜሪላንድ ውስጥ እንደ እሷ ያለ ለማጅ መንጃ ፈቃድ ከመውሰዱ በፊት ከትልቅ ሰው ጋር 60 ሰዓት መንዳት አለበት። እኛም ቅዳሜና እሑድ ሰዓት እንሞላለን። ያን ማታ የሆነውን የነገርኳት እንዲሁ እየነዳች ነው። ተጠንቀቂ፣ ቦርሳሽን አትርሺ ልላት ነበር ሐሳቤ። እሷ ግን ቦርሳውን አልፋ ስልኩ ላይ ቆመች። «ለምን ሰጠኸው?»

ትምህርት ቤት ስለ አንድ ፍርድ ተምረዋል። ራይሊ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ሳን ዲየጎ ውስጥ ጊዜው ባለፈ የመኪና ምዝገባ ምክንያት ይቆማል። ነገሩ ወደ እስር ይሄዳል፣ ፖሊሶች ስልኩን ይበረብራሉ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ2014 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ወሰኑ፤ የታሰረ ሰው ስልክ እንኳ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ አይበረበርም። ውሳኔውን የጻፉት ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ ናቸው። ፖሊስ ስልክ ከመበርበሩ በፊት ምን ያድርግ ለሚለው መልሳቸው ቀላል ነው፤ ማዘዣ አምጡ።

ይህን በሰማሁ ጊዜ ኮራሁባት። ደግሞ ከፋኝ። ይህን ያህል ዓመት በዚህ አገር ስነዳ አላውቀውም ነበር።

ሕጉ ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ ፈቃድ። አንተ ራስህ ፈቅደህ ካስፈተሽክ ማዘዣ አያስፈልግም። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት በ1973 የወሰነው ነው። ፖሊስ ፈቃድህን ሲጠይቅ «እምቢ ማለት ትችላለህ» ብሎ የመንገር ግዴታ የለበትም። የእኔ እጅ መዘርጋት ምን ያህል ፈቃድ ነው? መንጃ ፈቃዴን ብቻ እይ ማለት ነው? ወይስ ያገኘኸውን ሁሉ? እዚያ መስኮት ላይ ይህን ማን ተነጋገረ? ሉዊዚያና ይህ ገብቷታል። ዲጂታል መንጃ ፈቃድን እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ስታውል ከቀደሙት አንዷ ናት። ሕጓ ላይ መንጃ ፈቃድህን በስልክ ማሳየትህ ሌላውን እንዲያዩ ፈቅደሃል ማለት አይደለም ብላ ጽፋለች። ይህቺ ዓረፍተ ነገር በሁሉም ስቴት ሕግ ውስጥ ብትገባ ምን ነበረበት!

ዳር ሲፈታ መሀል ዳር ይሆናል ይላሉ አባቶቻችን። መንጃ ፈቃድ የአጥር በር ነው። የመጣ ሰው የሚያንኳኳው እሱን ነው። ስልክ ደግሞ ጓዳ ነው። እኛ የአጥር በሩን ነቅለን ጓዳ ውስጥ አስቀመጥነው። አሁን በሩን ማየት የፈለገ ሁሉ ጓዳ ድረስ መግባት ያለበት ይመስለዋል።

አሜሪካ ብቻም አይደለም። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ባንክ ሲሄድ ፋይዳ፣ ዲጂታል መታወቂያውን፣ ይጠይቁታል። እሱም ስልኩ ላይ ይዞታል። «እንዴት ነው የምታሳያቸው?» አልኩት በቀደም። «ስልኩን እሰጣቸዋለሁ፣ ራሳቸው ይገለብጡታል» አለኝ። ምንም አልመሰለውም። እኔም ከዚያ ማታ በፊት ምንም አይመስለኝም ነበር።

እዚህ አገር የሲቪል መብት ተሟጋቾች ሌላም ስጋት ያነሳሉ። መታወቂያ ማሳየት ይህን ያህል ከቀለለ፣ መታወቂያ የማይጠየቅበት ቦታ አይቀርም ይላሉ። ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ቀላል የሆነ ነገር ሲበዛ አይተናል።

አክብሮት ወይስ ፍርሃት

ለልጄ መጀመሪያ የሰጠኋት መልስ ባህል ነበር። ሰው እጁን ሲዘረጋ ባዶ አይመለስም፣ እንዲህ ነው ያደግነው አልኳት። ዝም አለች። መንገዱን እያየች፣ ሁለት እጇ መሪው ላይ። ዝምታዋ ውሸትህን ነው እንዳለችኝ ቆጠርኩት።

ማታ ብቻዬን ስሆን እውነቱን ለራሴ ነገርኩት። ፈርቼ ነው።

ከመጀመሪያውም ዲጂታል መንጃ ፈቃዱን የወደድኩት በፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፊላንዶ ካስቲል የተባለ ጥቁር ሹፌር መንጃ ፈቃድና ኢንሹራንስ ተጠይቆ ከአፍታ በኋላ ፖሊሱ ተኩሶ ገደለው። ከጎኑ ፍቅረኛው፣ ከኋላ ሕፃን ልጇ ነበሩ። ፖሊሱ በዓመቱ በነፃ ተለቀቀ። ያንን ካየሁ ጀምሮ እጄን ወደ ኋላ ኪሴ መስደድ እፈራለሁ። ቆዳዬ የእሱ ቆዳ ነው፤ ፖሊስ ከየት እንደመጣሁ አይጠይቅም። ስልክ ግን ፊት ለፊት ነው። ሁለታችንም እናየዋለን። ማንም ሳይደነግጥ እጄን ዘርግቼ አነሳዋለሁ። ይህ ነገር ሕይወቴን ሊያድን ይችላል ብዬ ነው ስልኬ ላይ ያስገባሁት።

እና ያ እጅ ወደ መስኮቴ ሲዘረጋ «በእጄ ይዤ ላሳይህ» ማለት ነበረብኝ? አዎ፣ ነበረብኝ። እችል ነበር? ይህን ስንት ጊዜ አሰብኩት። እንቢታ አይደለም፤ ትንሽ ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ምሽት ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ቦርሳዬን ረስቻለሁ፣ አክሰንት አለኝ። ያቺ ትንሽ ዓረፍተ ነገር በጉሮሮዬ አላልፍ አለች። መብቴን ባውቀው ኖሮ እንኳ ታልፍ እንደነበር አልምልም። መብት ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በዚያች ሰከንድ አፍህን መክፈት ሌላ ነው። አፍ ደግሞ ሳይለማመድ አይከፈትም።

ባለፈው እሑድ ከልጄ ጋር ባዶ ፓርኪንግ ውስጥ መኪና ማቆም ስንለማመድ ቆየን። ስንጨርስ «ሞተሩን አጥፊው» አልኳት። ወርጄ በእሷ በኩል ዞርኩና መስኮቱን አንኳኳሁ። ገባት። መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሁለት እጇን መሪው ላይ አደረገች።

«መንጃ ፈቃድ» አልኳት።

«ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቦርሳዬ ጎኔ መቀመጫው ላይ ነው። ላውጣው?»

«አውጪ።»

ካርዱን ሰጠችኝ። መለስኩላት። «አሁን ደግሞ ቦርሳሽን ረስተሻል እንበል፤ ስልክሽ ላይ ነው ያለው» አልኳት። ስልኳን አንስታ ወደ እኔ አዞረችው።

ጎንበስ አላልኩም። እጄን ዘረጋሁ።

እጄን አየችው። ከዚያ ፊቴን። ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች። ጣቶቿ ጥብቅ ብለዋል።

«ላሳይህ እችላለሁ» አለች፤ ድምጿ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። «ግን በእጄ ይዤ ነው።»

እጄን ሳልሰበስብ «አንዴ እንደገና» አልኳት። «አሁን ደግሞ ቀስ ብለሽ።»